ደሴቲቱን በሦስት ሰዓት ውስጥ ለሚዞሩት ክቡር ኃላፊ

ለደሴቲቱ የጎብኚዎችና የመንገድ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው፣ መጋረጃው በማይገለጠው ቢሮዎ፤

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጫማዎን አውልቀው እግርዎን ዘርጋ ባደረጉበት ሰዓት እንዲደርስዎ ከልቤ እመኛለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እኔ የሰው ጤና ስጠይቅ ከወገብ ነው የምጀምረው፤ ልማድ ሆኖብኝ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእርስዎ ቀጥሎ ለመኪናዎና ከመኪናዎ ፊት እየጮኸ ለሚሄደው ሞተረኛ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ሞተረኛውን በዓይኔ አይቼው ባላውቅም ከብዙ ዘመዶቼ ይበልጥ ሳስበው ሰንብቻለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ለክፋት አይደለም። በዝግ ፖስታ ለቢሮዎ የተጻፉ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች የት እንደሚኖሩ በዓይኔ ስላየሁ፣ ሃያኛው እንኳ ትንሽ አየር ያግኝ ብዬ ነው።

ማን ነሽ ቢሉኝ፣ ላውንደሪ ቤት የምሠራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በካውያ ፊት የቆምኩ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ የቃላት ስሕተት ቢያገኙ በትዕግሥት ይለፉልኝ፤ የሰዓት ስሕተት ግን አያገኙም፣ ሰዓቱን ባለቤቴ ተመልክቶታል። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የጋራዥ ጓደኞቹ «ደቂቃ» ነው የሚሉት፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ከፌርማታ አይነሳም፣ ከደረሰ ደግሞ ለእናቱም አይቆይም። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም አደጋ ስላላደረሰ መሥሪያ ቤቱ አንድ የምስክር ወረቀትና በእናንተ ደሴት ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን የሁለት ሌሊት ዕረፍት ሸለመው። ሁለተኛዋ ሰው እኔ ነኝ። የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፣ እኛ ደግሞ ሻንጣ ይዘን መርከብ ተሳፈርን።

ሁለት ሌሊት ሲባል ብዙ ይመስላል። እስቲ አብረን እንየው። ዓርብ መርከቧ የደረሰችው ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። እሑድ የምትመለሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መሀል ላይ ቅዳሜ አለች፤ ብቻዋን። እኔ ከዚያች ቅዳሜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሕር ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ መንሳፈፍ። አንዲት ነርስ ደንበኛዬ ጋዎኗን ልትወስድ በመጣች ቁጥር ወገቤን ደግፌ ቆሜ ስታየኝ፣ «አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን ባሕር ሂጂና ተንጋለዪበት፤ ወገብ እንዳለሽ ትረሺዋለሽ» ትለኝ ነበር። እኔም አምኛት ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሴን እጅጌውን ቆርጬ፣ ከሥሩ ቁምጣ ሰፍቼበት፣ የዋና ልብስ ሠራሁ። ባለቤቴ አይቶ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሰልሽ አለኝ። ምንም አይደል፤ ባሕር ልብስ አይመርጥም ብዬ ሻንጣዬ ውስጥ አጣጥፌ፣ እንዲያውም ተኩሼ አስገባሁት።

እንግዲህ እርስዎ ወደ ሕይወታችን የገቡት እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፤ ስለ በራሪ ወረቀትዎ ምስጋና ማቅረብ ግዴታዬ ነው። ከመርከብ እንደወረድን አንድ ሰው እጃችን ላይ አስቀመጠልን፤ «ውብ ጎዳና! አሥራ አራት የእይታ ሥፍራዎች! ሦስት ሰዓት ብቻ! ለአጭር ዕረፍት የተመቸ!» ይላል። አራት ቃለ አጋኖ ቆጥሬያለሁ። ባለቤቴ ከቤት ስንወጣ በዚህ ዕረፍት መሪ የሚባል ነገር በእጄ አልነካም ብሎ ምሎ ነበር፤ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ በሕይወቴ የትራፊክ መብራት የሌለበት መንገድ ነድቼ አላውቅም እኮ አለኝ፤ እንዲያ ሲለኝ ፊቱ የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ሆነብኝ። ይሁን እንጂ እኔም ዝም ብዬ የምነዳ ሴት አይደለሁምና የቢሮዎ መስኮት ዘንድ ሄጄ፣ ብርቱካን የምትልጠውን ትሑት ሠራተኛዎን፣ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ይህ ረጅም መንገድ ለእኛ ይስማማናል ወይስ ይቅርብን ስል ጠየቅኋት። ልጅቷ ብርቱካኗን አስቀምጣ፣ ጣቷን ጠርጋ፣ በቁም ነገር አሰላችልኝ። አንድ ቀን እኮ ሃያ አራት ሰዓት ነው እናቴ፣ ከፈለጋችሁ ስምንት ጊዜ መዞር ትችላላችሁ አለችኝ። እንዲህ ያለ ስሌት የሚችል ሠራተኛ ስላፈሩ እንኳን ደስ አለዎት። አንድ ክፋይ ብርቱካንም ሰጥታኛለች፤ ጣፋጭ ነበር።

በዚያ ምሽት አልጋ ላይ ቁጭ ብለን ቅዳሜን እንደ ጨርቅ ዘርግተን ቆረጥናት። ጠዋት አንድ ተኩል እንነሳለን፤ ከአራት ተኩል በፊት እንመለሳለን፤ ከዚያ እስኪመሽ ባሕሩ ያንቺ ነው አለኝ። ሁለቱም ይደርሳል። እኔም እሺ አልኩ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች እሺ የማዝንበት ሰው እርስዎ አይደሉም፤ በገዛ አፌ ነው የወጣችው።

ሁለተኛ፤ የሚከራየውን መኪና በተመለከተ። የቀረው አንድ ነጭ ሚኒባስ ነው፣ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ የሚይዝ፣ በጎኑ ሰማያዊ መስመር ያለው። ለሁለት ሰው ትንሽ በዛ ስንል አከራዩ አየር እንድታገኙ ነው አለን። ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ሲገባ የወንበሮቹን አደራደር፣ የመያዣ ብረቱን፣ ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለውን ባዶ የመስመር ሰሌዳ አየና እጁን በመሪው ላይ አሻሸ። አሁን ሳስበው ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሹፌሩ ራሱን ሥራ ላይ መሰለው።

የመጀመሪያው የእይታ ሥፍራ ስንደርስ አንድ ጣሪያ፣ አንድ የታጠፈ ብረት፣ ቀለም የተቀባ «ውብ እይታ» የሚል ጽሑፍ አገኘን። ጽሑፉ ስር ግን አሮጌው ጽሑፍ በደንብ አልጠፋም ነበር፤ ፌርማታ አንድ ይላል። ባለቤቴ መኪናውን ጠጋ አድርጎ፣ በሩን ልክ ከጣሪያው ትይዩ አድርጎ አቆመና በሩን ከፈተ። ማንም አልነበረም። ትንሽ ጠብቆ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ ዘጋና ነዳ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ፣ ባሕሩን እኮ አላየነውም ስለው፣ በድንጋጤ አየኝና፣ እግሬ ነው እኮ፣ እኔ አይደለሁም አለ።

ፌርማታ ሁለት ላይ ደግሞ እግሩ እንደገና አቆመ፤ እዚያ ግን ሰው ነበር። ግራ ክንዳቸው እስከ ብብታቸው ድረስ በጀሶ የታሰረ አንዲት እናት፣ ቦርሳቸውን በጤነኛው እጃቸው ይዘው፣ ደረጃውን ወጡ፣ እንደምን አደራችሁ አሉ፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያም ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አሥራ አንድ ሳምንት ቆየህ እኮ ልጄ፤ መንገድ ተዘግቶ ነው?» አሉት።

ክቡር ሆይ፣ በዚህች ቅጽበት ማንኛውም ጤነኛ ጎብኚ ተሳስተዋል እናቴ ይላል። ባለቤቴ ግን ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ተብሎ ተወቅሷል፤ መልሱ ከአፉ ጫፍ ላይ ነው የሚኖረው። ይቅርታ እናቴ፣ ትንሽ ዘግይተናል ብሎ በሩን ዘጋና ማርሽ አስገባ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔም የተረዳሁት ፌርማታ ሦስትን ካለፍን በኋላ ነው። ያ ሚኒባስ የደሴቲቱ ብቸኛ የሕዝብ ማመላለሻ ነበር። እትዬ ክንዳቸው በተሰበረ ጊዜ ከጤና ጣቢያ ወደ ቤታቸው የመለሳቸው እሱ ነው፤ «በስድስት ሳምንት ይመለሱ፣ ጀሶውን እንፈታለን» ተባሉ፤ በነጋታው ቢሮዎ መኪናውን ለጎብኚ ኪራይ አደረገው፣ ፌርማታዎቹንም ቀለም ቀብቶ የእይታ ሥፍራ አላቸው። እትዬ ግን በየቅዳሜው እየወጡ ቆሙ። መኪናው በፊታቸው አልፎ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ እንዴታ፣ ብዙ ጊዜ አልፏል፣ ውስጡ ያሉት ሁሉ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ወርደው ከጀሶዬ ጋር ፎቶ ተነስተዋል አሉኝ። በአሥራ አራቱ የእይታ ሥፍራዎች ውስጥ እትዬ ስንተኛ እይታ ሆነው እንደተመዘገቡ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፤ መንገዱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሆን ማድረግዎን በአድናቆት ተመልክቻለሁ። በራሪ ወረቀቱ እንደሚለው ይህ የሆነው ባሕሩ ሁልጊዜ በተሳፋሪው በቀኝ በኩል እንዲታይ ነው። እግዜር ይስጥልን። ፌርማታ ሁለት ከወደቡ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ጤና ጣቢያው ወደቡ አጠገብ ነው፤ እትዬ ግን ወደ ኋላ መመለስ የተከለከለ ስለሆነ ጀሷቸውን ለማስፈታት ደሴቲቱን በሙሉ መዞር አለባቸው። በእግራቸውስ ለምን አይወርዱም ይሉ ይሆናል። ወርደው ነበር። ክንዳቸው የተሰበረው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

ጤና ጣቢያው ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይህን ስሰማ ሰዓቱ ገና ሦስት ሰዓት ስላልሞላ፣ ችግር የለም፣ አራት ተኩል እኮ እንደርሳለን ብዬ አጽናናኋቸው። እትዬ የጀሶ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ።

ፌርማታ አምስት ላይ መምህሩ ገቡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ኮታቸው ተበልቷል ግን በደንብ ተተኩሷል፣ ያንን እኔ አውቃለሁ። አንድ የቆዳ ቦርሳ ይዘዋል፤ ውስጡ ለቢሮዎ የተጻፉ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች አሉ፤ ስለ ሚኒባሱ መነሳት የተጻፉ፣ ሚኒባሱ ስለተነሳ ግን የሚያደርሳቸው ያጡ። ስለ ሦስቱ ሰዓት ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው አጸዱ፤ መምህር እንዲህ ሲያደርግ ረጅም ነገር ሊመጣ ነው። መንገዱ በተመረቀ ቀን እርስዎ በክብር መኪናዎ ዞሩት አሉ። ከፊት ሞተረኛው እየጮኸ፣ ፍየሎች ሁሉ ከዋዜማው ታስረው፣ ከብትም ሰውም ከመንገድ ዳር ርቆ እንዲቆም ተነግሮት፣ የትም ሳይቆሙ፣ መስታወትዎን ዘግተው። ሦስት ሰዓት የእርስዎ ነው። በራሪ ወረቀቱ ላይ የገባው እሱ ነው።

ስለዚህ ነው ሞተረኛውን ሳስበው የሰነበትኩት። ለምን ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ አንድ አይመደብም?

ለእኛ ፍየሎቹ አልታሰሩም። ፌርማታ ስድስትና ሰባት መካከል ሃምሳ የሚሆኑ ፍየሎች አስፋልቱ ላይ ተኝተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ባለቤቴ ጥሩንባ ቢነፋ አንዷ ቀና ብላ አየችውና መልሳ ተኛች። መምህሩ ወርደው ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያደርጉት እንደነበረው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ሁሉም ተነሡ። እኔም አብሬ ተነሥቼ ነበር።

ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ አራተኛ ይሁን። ፌርማታ ስምንት ላይ ኬክ ጋጋሪዋ ገባች። ይህችን ሴት ባገኟት ደስ ይልዎት ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ይዛለች፣ ነጭ፣ ከላዩ የስኳር አበባ ያለው፤ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ነው፣ ሠርጉ ወደቡ ላይ ነው፣ ማታ ነው። ኬኩ ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ወንበር ላይ አይቆምም፣ ስለዚህ ከፊት ወንበር ተነሥቼ ከኋላ ከእትዬ ጎን ተቀመጥኩና ኬኩ እኔ ጭን ላይ ሆነ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ወደ እትዬ ያዘነብላል፤ እትዬም የጀሶ ክንዳቸውን እንደ ግድግዳ አቁመው ይመልሱልኛል። ከዚያ በኋላ ስላሉት የእይታ ሥፍራዎች የምሰጥዎ ምስክርነት ይህ ነው፤ ዘጠነኛው እይታ ክሬም ነው፣ አሥረኛው ክሬም ነው፣ አሥራ አንደኛው የስኳር አበባ ነው፣ አንዱ ቅጠሉ ወድቋል። ባሕሩ በቀኜ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ይሸተኝ ነበር።

እንግዲህ የባለቤቴን ሁኔታ ያስቡት። እትዬ ከኋላው ሆነው «ልጄ ጨመር አድርግ፣ ይዘጋብኛል» ይሉታል። ኬክ ጋጋሪዋ ደግሞ «ወንድሜ በእናትህ ቀስ፣ ሁለተኛው ፎቅ ተንሸራተተ» ትለዋለች። መምህሩ በየፌርማታው ቁም ይሉታል፤ በየፌርማታውም ሰው አለ። እኔ ደግሞ፣ የዋና ልብሴን ከቀሚሴ ስር ለብሼ፣ ፀሐይዋ ወደዚያኛው ወገን ስታልፍ እያየሁ ምንም አልልም። ምንም አለማለቴን ግን በመስታወቱ ውስጥ እያየ ላቡን ይጠርግ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ያልፈራ ሰው በኬክና በጀሶ መካከል ፈራ።

ስለ ራሴም አልዋሽዎትም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ረዳት ሆንኩ። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቀውም፤ ብቻ ኬኩን እንደታቀፍኩ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ቦርሳዎን እግርዎ ስር ያድርጉት እናቴ፣ ወራጅ አለ፣ እያልኩ ስጮህ ራሴን አገኘሁት። አንዱ ተሳፋሪ ለባለቤቴ፣ ይቺ ረዳትህ አፏ ይጣፍጣል፣ ከየት አገኘሃት ቢለው፣ ሳይዞር፣ «እሷ ናት ያገኘችኝ» አለ። መኪናው በሙሉ አጨበጨበ። ኬኩ ተንቀጠቀጠ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ዓመቴ ነው፤ ለዚህ ስላበቁኝ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር እንዳይደባለቅብዎ።

የማላመሰግንዎ ስለ ፌርማታ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ነው። እዚያ ስንደርስ አሥራ ሁለቱ ወንበር ሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ትርፍ አይጭንም፤ ሽልማቱን ያገኘው በዚህ ነው። በሁለቱ ፌርማታዎች አምስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ አንዷ ሕፃን አዝላለች። ባለቤቴ ቆሞ መስታወቱን ዝቅ አደረገ፣ ሞልቷል ይቅርታ አላቸው፤ እነሱም ግድ የለም፣ በሚቀጥለው እንሄዳለን አሉት። በሚቀጥለው!  ሰው ቆሞ እያየ ጥሎ የሄደው ፌርማታ በሕይወቱ አልነበረውም፤ እርስዎ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሰጡት።

ወደቡ የደረስነው ለአሥራ አንድ ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው። መንገዱ የፈጀው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ መሆኑን ባለቤቴ በራሪ ወረቀትዎ ጀርባ ላይ ጽፎ ፈርሞበታል፤ ለማስተካከያ ይሆንዎታል። እትዬን በሩ ድረስ ደግፈን አደረስናቸው፤ የጤና ጣቢያው ሰው ቁልፉን ይዞ ሊዘጋ ነበር፤ እትዬ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጀሶውን ሲቆርጥ ውጪው ላይ ያገኘውን ክሬም በጣቱ ነክቶ ቀመሰና፣ ቫኒላ ነው አለ። ኬኩም በሰላም ገባ፤ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሎ፣ ሙሽራዋ ግን አዲስ ፋሽን መስሏት ወዳዋለች።

እኔ ደግሞ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣ ቀሚሴን ከላዬ እየጎተትኩ ወደ ባሕሩ ሮጥኩ። ስደርስ ጥበቃው ገመድ እየዘረጋ ነበር። ቢሮዎ የተከለው ሰሌዳ እንዲህ ይላል፤ ባሕሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ ሁለት ተኩል፣ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት። ማታ ባሕሩን የት እንደምታስገቡት አልጠየቅሁም። ዓርብ ስንደርስ ተዘግቶ ነበር፤ ቅዳሜ በዓይኔ ፊት ተዘጋ፤ እሑድ መርከባችን ከሄደች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይከፈታል። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ ፊቴን አይቶ፣ እናቴ፣ እኔ ብሆን ባስገባዎት፣ ግን ሰሌዳው ያየኛል አለኝ። አሸዋው ላይ በዚያ የእሳት አደጋ ልብሴ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ባለቤቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አምስት ሰዎች እኮ ናቸው አለ። እኔም እንባዬን ጠርጌ ሳቅሁበት፤ እኔ ስለ ባሕር ሳለቅስ እሱ ስለ ፌርማታ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሁት።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ የእንግዳ ማረፊያችን በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ያደሩት ወደቡ ላይ ከአንዲት ዘመዳቸው ቤት ነው። ባሕር ሳትገባ ልትሄድ ነው ብለው መምህሩ ነግረዋቸዋል። «ተነሺ፣ ያንቺን ጉዳይ እንጨርስ» አሉኝ። ወሰዱኝ፤ ከጀልባ መጠገኛው ጀርባ፣ የተበላሹ መቅዘፊያዎች ከተከመሩበት ኋላ፣ የደሴቲቱ ሰዎች የሚዋኙበት ትንሽ ውኃ አለ። ሰሌዳ አልተተከለበትም፤ ባሕር መሆኑን ቢሮዎ ገና አላወቀም መሰለኝ፣ እባክዎ አይወቁ።

እትዬ እስከ ወገባቸው ገቡና ክንዳቸውን ዘረጉ። ያ ክንድ፣ አሥራ አንድ ሳምንት ታስሮ የወጣው፣ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደተረሳ ልብስ ተጨማድዶ፣ ቀጥኖ፣ ነጣ ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ተኚ አሉኝ። ይሰበራል እትዬ ብላቸው፣ እንኳን አንቺን ኬክ ተሸክሟል አሉኝ። ተኛሁ። አንገትሽን ልቀቂው፣ ማንም አይወስድብሽም፣ ሰማዩን እዪ አሉኝ። ለቀቅሁት። ክንዳቸውን መቼ ከሥሬ እንዳወጡት አላወቅሁም። ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ነበር፣ ድምፅ አልነበረም፣ ካውያ አልነበረም፣ ወገቤን ፈለግሁት፣ አጣሁት። ሳቄ መጥቶ አፌን ስከፍት አንድ ጉንጭ ሙሉ ባሕር ዋጥኩ። ዳር ላይ ባለቤቴ ሰዓቱን ይዞ ስድስት ደቂቃ ይቀርሻል ይለኛል፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ዞር ብዬ ባይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከነሸሚዙ ገብቶ፣ ከጎኔ ተንጋሎ፣ ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አንሥቶ መሪ እንደያዘ ሰው ይንሳፈፋል። እትዬ፣ ይኼ ደግሞ ወዴት ሊሄድ ነው አሉ።

መርከቧን የደረስንባት ለሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ እየተንጠባጠብን ነው። ባለቤቴ ያፍራል ብዬ ነበር፤ አላፈረም።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ የቢሮዎ መስኮት ላይ ጠይቄ ተገቢ መልስ ያላገኘሁበትን ጥያቄ ራሴ መልሻለሁና ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዲነገርልኝ በትሕትና አቀርባለሁ። ረጅሙ ውብ ጎዳና ለአጭር ዕረፍት ይስማማል ወይ? አይስማማም። አንዲት ቅዳሜ ብቻ ያለችው እንግዳ ቅዳሜውን ለባሕሩ ይስጥ፤ ሦስት ቅዳሜ ያለው ይሂድ፣ ደስ ይላል፣ እኔ ምስክር ነኝ፤ ወገብ ያመመው፣ ኬክ የያዘ፣ ፍየል የሚፈራ ግን ደጋግሞ ያስብበት። መንገዱ በእርግጥ የሚስማማው በፌርማታዎቹ ለቆሙት ነው፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በየቀኑ። ሚኒባሱ የእነሱ ነው። እባክዎ ይመልሱላቸው። አምስቱ ሰዎች የሚቀጥለውን እየጠበቁ ነው።

መምህሩ በአደራ የሰጡኝን አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ወረቀቶቹ ቦርሳ ውስጥ ስለከረሙ ተሸብሽበው ነበር፤ አንድ በአንድ ተኩሻቸዋለሁ፤ ማንበብ አልቻልኩም የሚል ምክንያት እንዳይኖር።

ለክብርዎ በሙሉ ቁመቴ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ስል ወገቤን ሳያመኝ፣ ለዚህም እርስዎን ሳይሆን አንዲት እናትን እያመሰገንኩ፣ የደሴቲቱ የአንድ ቀን ረዳት፣ የስድስት ደቂቃ ዋናተኛ፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

የላውንደሪ ቤቷ ሴት

ማስታወሻ፤ መንገዱ ሦስት ሰዓት መሆኑን ዳግመኛ ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ መኪናዎን ትተው ፌርማታ ዘጠኝ ላይ ይቁሙ። የሚቀመጡበት ይያዙ፤ አግዳሚውን ነቅላችሁ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ሰሌዳ ሠርታችሁበታል። የሚያልፉ ጎብኚዎች ካሉ እጃቸውን ያውለበልቡልዎታል፤ እርስዎም ያውለብልቡ፣ ፎቶው ያምራል።